«ከ30 በላይ የሆነን ሰው አትመን»፦ ከየት መጣ፣ ምን ማለትስ ነበር?

የእኛ ተረትና ምሳሌ ስለ ልጅ ሲያወራ አፉን የሚከፍተው ሁሌ ትልቁ ሰው ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ያለው ልጅ አይደለም። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ያለውም ልጅ አይደለም፣ የተወጋው ነው። ልጁ መልስ የሰጠበት ተረት ይኖር ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም።

አሜሪካኖች ግን ልጁ የመለሰበት አባባል አላቸው። እንዲያውም ሁለት ናቸው፣ በመካከላቸው 55 ዓመት አለ። የመጀመሪያው «ከ30 በላይ የሆነን ሰው አትመን» ነው፣ በ1964 የተባለ። ሁለተኛው «ኦኬ ቡመር» ነው፣ ወጣቶች ለሽማግሌዎቹ የሚመልሱት፣ በ2019 ዓለምን ያዳረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ሁለቱን አገናኝቶ ሲተርክ እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያውን ያሉት ልጆች አርጅተው ሁለተኛው ተባለባቸው፣ የእጃቸውን አገኙ። ቆንጆ ታሪክ ነው። ግን ልክ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። በ1964 መኸር ላይ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር አንድ ነገር ከለከለ። ተማሪዎች በግቢው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የፖለቲካ ወረቀት ማደል፣ አባል መመዝገብና ገንዘብ ማሰባሰብ አይችሉም ተባለ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ያን በጋ ሚሲሲፒ ወርደው፣ ጥቁሮችን ለምርጫ ሲያስመዘግቡ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ከርመው የመጡ ናቸው። ከዚያ ተመልሰው ጠረጴዛ አትዘርጉ ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም።

ኦክቶበር 1 ቀን ጃክ ዋይንበርግ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠ ፖሊስ ያዘው። የሒሳብ ትምህርቱን አቋርጦ ለጥቁሮች መብት የሚታገል ድርጅት ውስጥ የገባ ሰው ነበር። መኪና ውስጥ አስገቡት። መኪናዋ ግን መንቀሳቀስ አልቻለችም፣ ተማሪው ዙሪያዋን ከብቦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሰዓት አይደለም፣ ሁለት ሰዓት አይደለም፣ 32 ሰዓት። ዋይንበርግ ውስጥ ተቀምጧል፣ ተናጋሪዎቹ ደግሞ ተራ በተራ ጣሪያዋ ላይ እየወጡ ይናገራሉ። ማሪዮ ሳቪዮ የሚባለው ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ጫማውን አወለቀ፣ መኪናዋን እንዳይጎዳት። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። አገር ሊያፈርሱ ነው የተባሉት ልጆች በካልሲ ነው ያመፁት።

አባባሉ የተወለደው ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጠኛ ዋይንበርግን ሊያነጋግረው መጣ። ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው ወደ አንድ ቦታ ይሄዱበታል። ከኋላችሁ ማን አለ? የሚመራችሁ ማነው? በዚያን ጊዜ አሜሪካ «ከኋላ ያለ ሰው» ሲባል ኮሚኒስት ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ማለትም ጋዜጠኛው በጨዋ ቋንቋ እያለው ያለው «ይህን ነገር እናንተ ልጆች በራሳችሁ ልታስቡት አትችሉም» ነው። ዋይንበርግ ተናደደ። እንቅስቃሴያችን ውስጥ አንድ አባባል አለን አለው፣ ከ30 በላይ የሆነን ማንንም ሰው ማመን አይቻልም እንላለን።

በኋላ ራሱ እንዳለው፣ ይህን የተናገረው ሰውየውን ከላዩ ለማራገፍ ነው። መፈክር አልነበረም፣ ፍልስፍናም አልነበረም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትርጉም እዚህ ላይ ነው ያለው። «ሽማግሌን እንጠላለን» ማለት አልነበረም። «ማንም ትልቅ ሰው ከኋላ ሆኖ አይነዳንም፣ ቢመጣም አንሰማውም» ማለት ነበር። መልስ ነው። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ጥያቄው ተረሳ፣ መልሱ ብቻውን መንገድ ገባ። ሌላ አምደኛ አነሳው፣ ከዚያ ሌላ ጋዜጣ፣ ከዚያ አገር ሁሉ። ትልልቆቹ በገኑ። ወጣቶቹ ደግሞ ትልልቆቹ እንዴት እንደሚበግኑ ሲያዩ ነገሩን ወደዱት፣ ባጅ ላይ አተሙት፣ እውነትም የራሳቸው መፈክር ሆነ። በንዴት የተወረወረ ቃል ሰሚው ስለደነገጠ ብቻ እምነት ሆኖ አረፈ ማለት ነው። ይህ በእኛም ፖለቲካ ውስጥ የማይታወቅ ነገር አይደለም፣ ግን እሱን ዛሬ አልነካውም።

ባለቤቱም ጠፋበት። ሰው አንዴ ለቢትልስ ይሰጠዋል፣ አንዴ ለአቢ ሆፍማን፣ አንዴ ለጄሪ ሩቢን። የሚያስቀው ሆፍማን ነው፣ በ1936 ስለተወለደ በ1968 የዪፒዎች (በቀልድና በትርኢት የሚያምፁ ወጣቶች ቡድን) መሪ ሆኖ አገር ሲያምስ ራሱ ከ30 አልፏል። ሩቢንም በዚያው ዓመት 30 ደፈነ።

አሁን ቅድም ወደኋላ ያልኩት ነገር። ቡመር የሚባለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ትውልድ ነው። ወታደሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ተጋባ፣ ወለደ፣ በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ወደ 76 ሚሊዮን ሕፃን ተወለደ። ዋይንበርግ ግን የ1940 ልጅ ነው። ሳቪዮ የ1942። ሁለቱም ቡመር አይደሉም! አባባሉ በተነገረበት ወር ትልቁ ቡመር ገና 18 ዓመቱ ነበር፣ ትንሹ ደግሞ አልተወለደም። ስለዚህ «የተናገሩት ተመልሶ መጣባቸው» የሚለው ተረት ሰውን ከሰው ያምታታል። የተናገረው አንድ ትውልድ ነው፣ የተቀበለው ቀጣዩ ነው፣ ዕዳው የተጻፈው በተቀባዩ ስም ነው።

ለምን ተቀበሉት ቢባል፣ ቬትናም ነው ዋናው። አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ተመልምሎ ጦር ሜዳ ይላካል፣ የላከውን ሰው ለመምረጥም ሆነ ላለመምረጥ ግን 21 መሙላት አለበት። ይህ የተስተካከለው በ1971 ነው፣ የሕገ መንግሥቱ 26ኛ ማሻሻያ የምርጫውን ዕድሜ ወደ 18 ሲያወርድ። እስከዚያ ድረስ ጦርነቱን የሚያውጀው ከ30 በላይ ነው፣ የሚሞትበት ከ30 በታች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አባባሉ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

ወደ 2019 እንለፍ። ቲክቶክ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ የዘንድሮ ወጣት ማደግ አይፈልግም፣ ልጅነቱ ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል እያለ ሲያማርር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ወጣቶቹ አልተከራከሩትም። በሺዎች ሆነው ወረቀት ላይ፣ ሹራብ ላይ፣ ግንባራቸው ላይ ሳይቀር ሁለት ቃል ጻፉለት። ኦኬ ቡመር። በዚያው ኖቬምበር ኒው ዚላንድ ውስጥ ክሎዪ ስዋርብሪክ የምትባል የ25 ዓመት የፓርላማ አባል ስለ አየር ንብረት ሕግ እየተናገረች ሳለ አንድ ሰው ሲያቋርጣት፣ «ኦኬ ቡመር» ብላው ንግግሯን ቀጠለች። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዕድሜ መድልዎ ጉዳይ ሲከራከር ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ጠየቀ፦ ቀጣሪው ለአመልካቹ አንድ ጊዜ «ኦኬ ቡመር» ቢለው ይህ ያስከስሳል ወይ? አዳራሹ ሳቀ። ሮበርትስ በ1955 የተወለደ ነው፣ እሱም ቡመር።

አሁን ወደ ትርጉሙ። «ኦኬ ቡመር»ን ወደ አማርኛ ስትመልሰው ከባዱ ቡመር የሚለው አይደለም፣ «ያ ትውልድ» ብለን እናልፈዋለን፣ እኛም የራሳችን አለን። ከባዱ «ኦኬ» ነው። አማርኛ ግን ለዚህ የታደለ ነው፣ «እሺ» አለና። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ስንል እሺ መስማማት ነው፣ ወርቅ ነው። ሌላ እሺ ደግሞ አለ፣ ልጅ ሆነን እናታችን ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ምክር ስትደግም ከክፍል እየወጣን ወደኋላ የምንወረውራት። ትርጉሟ «ሰምቼሻለሁ፣ ጨርሻለሁ፣ በሩን ልዝጋው» ነው። «እሺ ጋሼ!» ብላችሁ ጋሼ የምትለውን ትንሽ ጎተት ብታደርጓት ያው ኦኬ ቡመር ናት። ስድብ አይደለችም፣ አክብሮትም አይደለችም። ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ይኖረው ነበር።

እና ሁለቱ አባባሎች በእኔ ዓይን ዝምድናቸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት በወጣቱ አይደለም። የመጀመሪያው «በራሳችሁ አታስቡም» ለተባለ፣ ሁለተኛው «አላደጋችሁም» ለተባለ የተሰጠ መልስ ነው። ታሪኩን ስንነግር ግን ሁሌ ከመልሱ እንጀምራለን፣ ስለዚህ ባለጌው ሁሌ ልጁ ይሆናል።

ደግሞ ከቃሉ ሥር ገንዘብ አለ። ያን ጊዜ መኪናዋን የከበቡት ልጆች በርክሌይ ሲማሩ፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆንክ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ እንጂ የትምህርት ክፍያ አልነበረም። ዛሬ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የካሊፎርኒያ ልጅ ለትምህርት ብቻ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል፣ ቤት ኪራይ ሳይጨመር። በ1978 ደግሞ የካሊፎርኒያ መራጭ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለውን አጸደቀ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የቤትህ ግብር የሚሰላው ቤቱን በገዛህበት ዋጋ ነው፣ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም፣ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ። ቀድሞ የገዛ ሰው ተመቸው። በ1988 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት የገዛች አንዲት ሴት የእሷን የመሰለ ቤት ካላቸው የቆዩ ጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ገደማ ግብር ተጣለባት፣ ከሰሰች፣ በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ልክ ነው ብሎ ፈረደባት። ጎረቤቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀድሞ የመጣ ሰው ነበር፣ በቃ።

ሽማግሌዎቹም ደግሞ የሚሉት አላቸው። በ1981 የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ አልፎ ነበር፣ ያንን የከፈለ ሰው «በነፃ ሰጧችሁ» ሲባል ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። ቬትናም ሄደው 58 ሺህ ገደማ አልተመለሱም። ቡመር ሁሉ ሀብታም የሚመስለው ደግሞ የድምር ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ነው። የአገሩ ሀብት ግማሽ ያህል በእነሱ እጅ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን በጥቂቶቹ እጅ ነው። በ70 ዓመቱ ዎልማርት በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ሰውም ቡመር ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት መቁጠር ብዙ አያስኬድም፣ ማን መቼ ገዛ የሚለው የተሻለ ያስረዳል።

ይህ ነገር በሐበሻ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ባለፈው፣ ወደፊት ከኮሌጅ ሲመረቅ ቤት የሚከራይበትን ብር ሲያሰላ አየሁትና፣ እንደ ማንኛውም አባት ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ «እኔ አንተን ሳክል ሁለት ሥራ እየሠራሁ...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም። «ኦኬ ቡመር።»

በመጀመሪያ ቡመር አይደለሁም፣ በ1972 ነው የተወለድኩት። ሁለተኛ፣ እዚህ አገር በ1964 ዘመዴ አልነበረም፣ በ1978 ማንም ለእኔ ድምፅ አልሰጠም፣ ቤት ተራዬ ሲደርስ የገዛሁት ዋጋው ጣሪያ ነክቶ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ሲያዳምጥ ቆየና ያችኑ ደገመልኝ።

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ታየን ነበር። እሷ የ1950 ልጅ ናት፣ በዓመቱ ከሄድን ቤት ውስጥ ያለችው ብቸኛ ቡመር እሷ ናት፣ ያደገችው ግን ደሴ ነው።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«እሺ አባባ አለኝ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እሺ ካለህ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች፣ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ልጁ ፊቱን ትራስ ውስጥ ደበቀ።