ዱባ በሜትር አይመዘንም

መስከረምና ጥቅምት በመጡ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይደርሰኛል፦ ጓሮ ውስጥ የተጋደመ ትልቅ ዱባ፣ ወገቡ ላይ የተጠመጠመ ሜትር፣ ከሥሩ ደግሞ «400 ኪሎ ሆነልኝ!» የሚል ጽሑፍ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ሥራዬ ሚዛን መፈተሽና ማስተካከል ሲሆን በየዓመቱ በግዙፍ ዱባ ውድድር ላይ ሚዛኑ አጠገብ እቆማለሁ። በየዓመቱ የምመልሰው መልስም አንድ ነው፦ መጀመሪያ አስመዝኑት። ስለ ዱባ ክብደት ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እነሆ።

«ዙሪያውን ከለካሁ ክብደቱን አውቃለሁ።»

በጣም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበት ሰው በቀላሉ አይለቀውም። ዱባ አብቃዮች በእርግጥም በሜትር ይገምታሉ። ሦስት ልኬት ይወስዳሉ፦ የወገቡን ዙሪያ፣ ከአንዱ ጎን መሬት ተነስቶ በአናቱ በኩል እስከ ሌላው ጎን መሬት ያለውን፣ እንዲሁም ከጭራው በኩል ተነስቶ አበባው እስከነበረበት ጫፍ ድረስ በአናቱ ላይ የሚያልፈውን። ሦስቱን በኢንች ደምረው ሰንጠረዥ ላይ ያዩታል። ሰንጠረዡ የተሠራው ቀደም ሲል ተለክተው ከተመዘኑ ብዙ ዱባዎች ነው። የሚሰጠው አማካዩን ነው፤ የእናንተን ዱባ አያውቀውም።

ሜትሩ የሚያልፈው በቅርፊቱ ላይ ነው። ክብደቱ ያለው ግን ውስጥ፣ በሥጋው ውፍረት ነው። ከውጭ እኩል የሆኑ ሁለት ዱባዎች ሲሰነጠቁ አንዱ ወፍራም ግድግዳና ጠባብ ክፍተት፣ ሌላው ስስ ግድግዳና ሰፊ ክፍተት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ አሥር በመቶ መብለጥ ወይም ማነስ የተለመደ ነው። ቶን በሚደርስ ዱባ ላይ አሥር በመቶ ማለት አንድ ኩንታል ነው!

ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ በሜትር ለክተው አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው ሁሉ ክብደቱን ነግረው ነበር። ሚዛን ላይ ስናወጣው ከተናገሩት በብዙ ኪሎ አነሰ። «ሚዛንህ ተበላሽቷል» አሉኝ። የታወቀ ክብደት ያለው የብረት መመዘኛ ጭኜ አሳየኋቸው፤ ሚዛኑ ልክ ነበር። ዱባው ስስ ነበር፣ በቃ።

አሁንም ያልተዋጠለት ሰው የዓለም ክብረ ወሰኖችን ይመልከት። በ2023 የሚኒሶታው ትራቪስ ጊንገር ካሊፎርኒያ፣ ሃፍ ሙን ቤይ ላይ ያስመዘነው ዱባ 1,247 ኪሎ ነበር። በ2025 እንግሊዛውያኑ መንትዮች ስቱዋርትና ኢያን ፓተን 1,278.8 ኪሎ አስመዘኑ። ልዩነቱ 32 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ወደ 2.5 በመቶ ነው። በሜትር ቢሆን ኖሮ ማን ማንን እንደበለጠ የሚናገር አይኖርም ነበር።

ሜትሩን ጣሉት እያልኩ አይደለም። እድገትን ለመከታተል ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ በሞቃቱ ወራት ጥሩ ዱባ በቀን 20 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ለኩ። ሜትሩ እንዳይላላ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ።

«ፓውንድ የኪሎ ግማሽ ነው።» አይደለም፤ 0.4536 ኪሎ ነው። የ2023ቱን 2,749 ፓውንድ በግማሽ አካፍሎ 1,374 ኪሎ ብሎ የጻፈ ሰው ዱባው ላይ 127 ኪሎ ጨምሯል።

«የመኪና ሚዛን ይበቃል።» አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ20 ፓውንድ፣ በሌላው ዓለም ደግሞ በ20 ኪሎ እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። ለጭነት መኪና ልክ ነው፤ ለዱባ አይሆንም።

«አንዱን ጎን መዝኖ በሁለት ማባዛት ይቻላል።» አይቻልም። ዱባ በሁለቱም ጎን እኩል አይከብድም።

«ዲጂታል ከሆነ ትክክል ነው።» ቁጥሩ ስለበራ እውነት አይሆንም። የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን የሚለካው ከላይ የሚመጣውን ግፊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ በመሬት ስበት ይወሰናል፤ ስበትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለንደን ላይ የተስተካከለ ሚዛን እንደገና ሳይስተካከል አዲስ አበባ ላይ ቢተከል በቶን ወደ 4 ኪሎ ገደማ አሳንሶ ያነባል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሚዛኑ የቆመበት መሬት ነው፦ ሣር ላይ የተቀመጠ፣ ያዘነበለ፣ አንድ እግሩ የሰመጠ ሚዛን። አንዱን መመዘኛ በአራቱም ማዕዘን ላይ እያዛወራችሁ ጫኑ፤ ንባቡ ከተለያየ ሚዛኑን አትመኑት። ሃፍ ሙን ቤይ ላይ አሸናፊው የሚከፈለው በፓውንድ 9 ዶላር ስለሆነ የአሥር ፓውንድ ስህተት 90 ዶላር ነው።

«ውሃ ቢሞሉበት ማን ያውቃል?» ከመመዘኑ በፊት ዱባው ተገላብጦ ይታያል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ያለበት ከውድድር ይወጣል።

ቤታችሁ ያለው ዱባ አንድ ሰው የሚያቅፈው ከሆነ አቅፋችሁት ተመዘኑና የራሳችሁን ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ እህል ወይም መኖ መደብር ውሰዱት፤ በቆረጣችሁት ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ከተቆረጠ በኋላ ውሃው እየቀነሰ ይሄዳልና። ሐረጉን ከርክሙ፣ ጭቃውን ጥረጉ። ባዶውን ፓሌት (ዱባው የሚቀመጥበትን የእንጨት መደብ) ከነማንሻ ቀበቶው አስቀድማችሁ መዝኑና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ዱባው መሃል ላይ ይቀመጥ፤ ማንም እጁን አያሳርፍበት። ቁጥሩን ጻፉ፤ ከዚያም ሁሉንም አውርዳችሁ ባዶውን ፓሌት ከነቀበቶው መልሳችሁ ጫኑት። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ የጻፋችሁትን ሰርዙና እንደገና መዝኑ።