«32 ኢንች» የሚባለው የቱ ጋ ተለክቶ ነው?

ፒያሳ ላለችው ጠባብ ሳሎናችን ቴሌቪዥን ልንገዛ ስንነሳ ባለቤቴ የመደርደሪያውን ወርድ ለካች። 75 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ «32 ኢንች» ሲላት ስልኳ ላይ አሰላችው፤ 81 መጣ። «አይገባም!» አለች።

ይገባል። የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው በሰያፍ ነው፤ ከላይኛው ጥግ ወደ ተቃራኒው የታችኛው ጥግ። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ስለሆነ 32ቱ 81 ይሆናል። የስክሪኑ ወርድ ግን 71 ገደማ፣ ቁመቱ ደግሞ 40 ገደማ ነው። ጠርዙ ትንሽ ይጨምርበታል። 43 ኢንች ከሆነ ወርዱ ወደ 95 ይደርሳል። እግሮቹንም አትርሱ። ብዙዎቹ ግራና ቀኝ ዳር ላይ ስለሚቆሙ ጠባብ ጠረጴዛ አይበቃቸውም።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ወርዱና ቁመቱ የተቀራረበ ነበር፤ የዛሬው ፍላት ግን ወደ ጎን ረዘም ያለ ነው። ስለዚህ የድሮውን 21 ኢንች በ22 ኢንች ፍላት የሚተካ ሰው ምስሉ በቁመት ያንስበታል። እኔ ብጠየቅ ለትንሽ ሳሎን ከ32 አትውረዱ እላለሁ።

ስለ ጥራት ብዙ አትጨነቁ። በዚህ መጠን ተራው ኤችዲ የሚባለው የምስል ጥራት ከሁለት ሜትር ላይ ሲታይ በቂ ነው።

ዲሽ ያላችሁ ግን ካርቶኑ ላይ «ኤስ2» (S2) የሚል ፈልጉ፤ የዲሽ መቀበያ ውስጡ አለው ማለት ነው። እሱ ካለው ነፃ ቻናሎችን ያለ ሪሲቨር ታያላችሁ። «ቲ2» (T2) ብቻ ከሆነ ለአንቴና ነው፤ ለዲሹ ሪሲቨር ያስፈልጋችኋል።