እግር ብቻ ሲወፍር፦ ሊፒዴማ ምንድን ነው?

ወገቧ ቀጭን ሆኖ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የወፈረች ሴት ድሬዳዋ ውስጥ የምትሰማው ምክር «ምግብ ቀንሺ» የሚል ነው። ሁልጊዜ ግን ትክክል አይደለም። ሊፒዴማ የሚባል፣ ከሞላ ጎደል ሴቶችን ብቻ የሚይዝ የስብ ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ በጉርምስና፣ በእርግዝና ወይም በማረጥ ወቅት ይጀምራል። ስቡ በሁለቱም እግር እኩል ይከማቻል፣ ሲጫኑት ያማል፣ በትንሽ ግጭት ይበልዛል። ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ እንደ አልቦ ዙሪያውን ከቦ ይቆማል እንጂ ከቁርጭምጭሚት በታች ወዳለው የእግር ክፍል አይወርድም።

ከሌላ እብጠት ለመለየት ቅልጥም ላይ በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኑ፤ ሲለቁት ጉድጓድ ከቀረ ፈሳሽ ስላለ የልብና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ከእግር አውራ ጣት ቀጥሎ ባለው ጣት መነሻ ላይ፣ ከላይ በኩል ያለው ቆዳ ተቆንጥጦ አልነሳ ካለ የሊምፍ (ከሕዋሳት መካከል የሚሰበሰብ ፈሳሽ) እብጠት ይጠረጠራል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ!

በሊፒዴማ የተያዘች ሴት ስትጾም የሚቀንሰው ይበልጡን ወገቧና ፊቷ ነው፤ ይህ የፈቃድ ማነስ አይደለም፣ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ክብደት መጨመር ግን ሕመሙን ያባብሳል። ፈሳሽ የሚያስሸና ክኒንም ስብ አያወጣም። የሚረዳው በልክ የተገዛ፣ ጠዋት እግር ሳይከብድ የሚለበስ የግፊት ካልሲ ነው። ለእግር ጉዞ ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይመቻል። በርጫ ላይ እግር አጥፎ መዋል ያሳብጣልና በየ30 ደቂቃው ተነስቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።