ሌቨሬጅድ ባይአውት ምንድን ነው? ክለብን በክለቡ ገንዘብ መግዛት

የ2013 ዓ.ም. ፋሲካ ምሽት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት ጢም ብላለች። ዶሮው ተበልቷል። ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ አንዳንዱ በነጠላው ላይ ቀይ ስካርፍ ጣል አድርጎ መጥቷል። በሩ ላይ በጠመኔ «ማንቼ ከ ሊቨርፑል 12፡30» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ከቤተሰብ መሀል «መጣሁ» ብዬ ሹልክ ያልኩት ለዚህ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ግን አልተጀመረም። ስክሪኑ ላይ ተጫዋች የለም፤ ያለው ደጋፊ ነው። ኮሮና ስለነበር ስታዲየሙ ባዶ መሆን ነበረበት። ሰዎቹ ግን ጥሰው ሜዳ ገብተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ተጫዋቾቹ ያረፉበትን ሆቴል በር ዘግተው ቆመዋል። ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ያለው ስካርፍ ቀይ አይደለም፤ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ጠበቅን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላልፏል ተባለ።

አጠገቤ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተቀምጧል። የማንቼ ማልያ ለብሷል። «ጋሼ፣ የራሳቸውን ጨዋታ ራሳቸው ያስቆማሉ እንዴ? ሰዎቹ ምን አደረጓቸው?» አለኝ። ከኋላ አንዱ «ባለቤቶቹ አሜሪካኖች ስለሆኑ ነው» አለ። ሌላው «ተጫዋች ስለማይገዙ ነው» አለ። ሁለቱም አልመታውም። ያን ምሽት በቅጡ አልመለስኩለትም። አሁን ልሞክር። መልሱ ያለው አንድ የገንዘብ ሰዎች ቃል ውስጥ ነው፦ ሌቨሬጅድ ባይአውት።

ከቃሉ ይልቅ ሚኒባስ ይቀላል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ አስቡ። ዕዳ የለበትም። ሊብሬው ንጹሕ ነው። ጎማው በጊዜው ይቀየራል፣ ሰርቪስ አያልፈውም። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ልግዛው» ይላል። ገንዘቡ ግን አይሞላለትም። ጥቂቱን ከኪሱ ያወጣና የቀረውን ይበደራል። ለብድሩ ያስያዘው የራሱን ቤት አይደለም፤ ያንኑ ሊገዛው ያለውን ሚኒባስ ነው። ሊብሬው አበዳሪው ካዝና ገባ። ከዚያ ወዲያ ብድሩን የሚከፍለውም ሚኒባሱ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስከ ማታ የለቃቀመው የተሳፋሪ ሂሳብ መጀመሪያ ወለድ ይከፍላል። የተረፈ ካለ ጎማ ይገዛል። ካልተረፈ በላጨው ጎማ ይኬዳል።

ሌቨሬጅድ ባይአውት ይኸው ነው። አንድን ድርጅት በብድር ትገዛለህ። ብድሩን የሚሸከመው የተገዛው ድርጅት ይሆናል። ገዢው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

«በብድር መግዛት ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው የሚኖረው በብድር ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት በየወሩ ለባንክ ይከፍላል። ግን የሚከፍለው ከደሞዙ ነው። ቤቱ ራሱ ሥራ ውሎ የራሱን ወለድ አይከፍልም። ልጆቹን አስርቦ፣ ራሱ ቆጥቦ የሚከፍለው ገዢው ነው። ለዚህ ነው በር ላይ ስሙን ሲለጥፍ ማንም ቅር የማይለው። የማንቸስተር ደጋፊ የተቆጣው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ማንቸስተር ዩናይትድ በ1991 የለንደን አክሲዮን ገበያ ገባ። ይህ ማለት ገንዘብ ያለው ሁሉ ከክለቡ ቆርሶ መግዛት ይችላል ማለት ነው። በ1998 የቴሌቪዥን ኩባንያው ቢስካይቢ ሙሉውን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ልግዛ ብሎ መጣ። ደጋፊዎች ተደራጅተው ተቃወሙ። በ1999 የእንግሊዝ መንግሥት ግዢውን ከለከለ። ስለዚህ ደጋፊው አንድ ጊዜ አሸንፎ ያውቃል። በኋላ የመጣው ሽንፈት የበለጠ ያንገበገበው አንዱም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ማልኮም ግሌዘር መጣ። አሜሪካ ውስጥ ታምፓ ቤይ ባካኒርስ የሚባል የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ባለቤት ነበር። ከ2003 ጀምሮ አክሲዮን ቀስ በቀስ ሰበሰበ። ትልቁን ድርሻ የያዙት ሁለት የአየርላንድ ባለሀብቶች፣ ጆን ማግኒየርና ጄ.ፒ. ማክማነስ፣ ነበሩ። (ማግኒየር ከክለቡ አሰልጣኝ ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጋር ሮክ ኦፍ ጅብራልታር በሚባል የእሽቅድምድም ፈረስ ተካሰው ነበር። የክለቡ ዕጣ በፈረስ ጠብ ዙሪያ ሲዞር መክረሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።) በግንቦት 2005 ሁለቱ ድርሻቸውን ለግሌዘር ሸጡ። አንዱ አክሲዮን በ3 ፓውንድ። ክለቡ በጠቅላላው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተተመነ።

ከዚህ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን የሚበልጠው ብድር ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ ከዚያ በፊት ዕዳ አልነበረበትም። ዋንጫ የሚበላ፣ ስታዲየሙን የሚሞላ፣ ትርፍ የሚያስገባ ክለብ ነበር። በአንድ ግዢ ባለዕዳ ሆነ። ከብድሩ ከፊሉ የክለቡን ንብረት መያዣ ያደረገ ነው። ሌላው ክፍል ደግሞ ፒክ የሚባለው ዓይነት ነው። ፒክ ላይ ወለዱ በየጊዜው አይከፈልም፤ ዋናው ዕዳ ላይ ይደመራል። ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል። የወለዱ መጠን 14.25 በመቶ ነበር፣ በኋላ 16.25 በመቶ ደረሰ። እኛ ሰፈር ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «አራጣ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ይህኛው ዕዳ የግሌዘሮቹ ድርጅት ላይ የተመዘገበ ነበር፤ በ2010 መጨረሻ ላይ ተከፍሎ አልቋል። የክለቡ ዕዳ ግን ቀጠለ።

ደጋፊው ሦስት ዓይነት ሆነ። አንዱ አዝኖም ቢሆን ማየቱን ቀጠለ። አንዱ ስታዲየም እየገባ ተቃወመ። ሦስተኛው ጥሎ ሄደ። እኔ በጣም የምወደው የዚህን የሦስተኛውን ታሪክ ነው። በዚያው በ2005 የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር። ከእንግሊዝ እግር ኳስ ታችኛ እርከኖች በአንዱ ጀመሩ። በ2015 ብሮድኸርስት ፓርክ የሚባል የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። ደንባቸው ቀላል ነው፦ አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ። መቶ ፓውንድ ያወጣውም አሥር ሺህ ያወጣውም እኩል እጁን ያነሳል። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ እድር ነው። እድር ውስጥ ባለሱቁም ጥበቃውም አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። እድሩን ማንም ሀብታም መጥቶ ገዝቶ፣ ድንኳኑንና ሳህኑን አስይዞ አይበደርበትም።

የቀሩት ደግሞ አረንጓዴና ወርቃማ ለበሱ። ክለቡ በ1878 በባቡር ሠራተኞች ሲመሠረት ስሙ ኒውተን ሂዝ ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ የተባለው በ1902 ነው። አረንጓዴና ወርቃማው የኒውተን ሂዝ ቀለም ነው። «ክለቡ ከእናንተ በፊት ነበረ» ማለታቸው ነው። ዘመቻው የተጋጋለው በ2010 መጀመሪያ ላይ፣ ክለቡ ዕዳውን ለማሸጋገር የ500 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ ሲሸጥ ነው። በመጋቢት የክለቡ የቀድሞ ኮከብ ዴቪድ ቤካም ከኤሲ ሚላን ጋር ወደ ክለቡ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ከመሬት ያን ስካርፍ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገው። ያን ምሽት ስታዲየሙ ሲጮህ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ለግሌዘሮቹም የሚባል አለ፤ መዝለል ተገቢ አይሆንም። ዕዳው እያለ ፈርጉሰን በ2007፣ በ2008፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2013 ሊጉን በልቷል። በ2008 ሻምፒዮንስ ሊግም መጥቷል። ክለቡ ከስፖንሰር የሚያገኘው ገንዘብ በእነሱ ጊዜ በጣም አድጓል። ተጫዋችም አልተገዛም ማለት ውሸት ነው፤ ከፈርጉሰን በኋላ የወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። «ተጫዋች ስለማይገዙ ነው» ያለው ሰውዬ የሳተው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ገቢ ወለድ ባይከፍል ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? በወለድ፣ ከብድሩ ጋር በተያያዘ ወጪና ለባለቤቶቹ በተከፈለ የትርፍ ድርሻ ከክለቡ የወጣው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዋንጫ ማጣት የጨዋታ ነገር ነው፣ ይቻላል። የራስህን ሽያጭ ራስህ መክፈል ግን አይቻልም።

በ2012 ክለቡ ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ገባ፤ አንዱ አክሲዮን በ14 ዶላር ተሸጠ። ለሕዝብ የተሸጠው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው ቤተሰቡ የያዘው 10 ድምፅ አለው። ድርሻ ሸጡ እንጂ ሥልጣን አልሸጡም። ማልኮም በ2014 ሲሞት ልጆቹ ቀጠሉ። በ2021 ሚያዝያ፣ ማንቼን ጨምሮ ትልልቅ የአውሮፓ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት በተነሱት ሱፐር ሊግ ጉዳይ የቆየው ቁስል ተነካ። የእኛን የፋሲካ ጨዋታ ያስቀረውም እሱ ነው። በኋላ እንግሊዛዊው ቢሊየነር ሰር ጂም ራትክሊፍ ከሩብ በላይ ድርሻ ገዛ፤ ስምምነቱ የተነገረው በ2023 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። ብዙ ሰው «ግሌዘሮች ሄዱ» ብሎ ጨፍሮ ነበር። አልሄዱም፤ አብላጫው ድምፅ እነሱ ጋ ነው። በዶላር የተቆጠረው ዋናው ዕዳም፣ 650 ሚሊዮን ገደማው፣ እዚያው ቀረ።

ሊቨርፑልም ይህን ጽዋ ቀምሷል። ቶም ሂክስና ጆርጅ ጂሌት በ2007 ገዙት፤ የብድሩ ሸክም ክለቡ ላይ አረፈ። ደጋፊዎች በ2008 ስፒሪት ኦፍ ሻንክሊ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ታገሉ። በ2010 አበዳሪው ባንክ ጠንከር ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክለቡም በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለአሁኖቹ ባለቤቶች ተሸጠ። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ የነቃው ዘግይቶ ነው። ክለቦቹ በ2023 ተስማምተው፣ አንድ ክለብ ሲገዛ ብድሩ ከክለቡ ዋጋ 65 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰኑ። አልተከለከለም፣ ተገደበ። 65 በመቶ ለእኔ አሁንም ብዙ ነው። ጀርመኖች ከድሮም በር ዘግተዋል፤ እዚያ በጥቂት ክለቦች ካልሆነ በቀር ከግማሽ በላይ ድምፅ የአባላቱ መሆን አለበት።

እዚህ አገር ይህ ዓይነቱ ግዢ ብዙም አይታሰብም። አብዛኞቹ የሊጋችን ክለቦች በባንክ፣ በመንግሥት ድርጅት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው የሚኖሩት። የእኛ ደጋፊ ጭንቀት «ማን ይገዛን ይሆን?» ሳይሆን «በጀቱ ቢቆምስ?» ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ እኛን ቱሉ ዲምቱ ላይ ምን አገባን?» ላለኝም መልስ አለኝ። ያገባናል። እዚያች ቤት በር ላይ የምንከፍለው ብር የቤቱን ባለቤት የዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያ ይሸፍናል። ያ ክፍያ ጣቢያው ለማሰራጫ መብት ለሚከፍለው ገንዘብ ይሄዳል። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ ከውጭ አገር የሚያገኘውን ለክለቦቹ ያከፋፍላል። ክለቡ ከሚቀበለው ላይ ወለድ ይከፍላል። ከእኛ የሚደርሰው ከባሕር ጭልፋ ነው። ግን ይደርሳል። በጋቢ ተጠቅልሎ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየ የሚያየው ሰው ከዚያ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች አንዱ ነው።

በግንቦት 2024 ማንቼ ከአርሰናል ሲጫወት እዚያችው ቤት ነበርኩ። ልጁ አድጓል፤ አሁን የታክሲ ረዳት ነው። የሚኒባሱን ምሳሌ ነግሬው ስለነበር በየጨዋታው ያነሳብኛል። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዶፍ ወረደ፤ ውሃው ከጣሪያው ጥግ እንደ ፏፏቴ ወንበሮቹ ላይ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ልጁ የእኛን ቆርቆሮ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ።

«ጋሼ፣ ሊብሬው አሁንም አልወጣም?» አለኝ።

«አልወጣም» አልኩት።