የጎተራ ጉጉት ምንድን ናት? ክረምትስ ለምን ይከብዳታል?

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን አለ። ጣሪያው ዝጓል፣ አንዱ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ተገንጥሏል። ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ማታ ዝናብ ያዘኝና እዚያ ተጠለልኩ። ዘበኛው ጋሼ በርጩማ ሰጡኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ከላይ «ሽሽሽ» የሚል ረጅም ድምፅ ሰማሁ። እባብ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ጋሼ ባትሪያቸውን ወደ ጣሪያው አበሩ። ማገሩ ላይ አንድ ነጭ ፊት ቁልቁል ያየናል። ለሁለት የተቆረጠ ፖም የሚመስል ፊት፣ መሃሉ ላይ ሁለት ጥቁር ዓይን።

«ተዋት ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣችም። ርቧታል።»

እኔ ደግሞ ዝናብ ለወፍ ጸጋ ይመስለኝ ነበር።

ይህቺ ወፍ የጎተራ ጉጉት ናት። በአማርኛ ሁሉንም በጅምላ «ጉጉት» ስለምንላቸው ለእሷ ብቻ የተለየ ስም አልለመድንም። እንግሊዞች በጎተራ ውስጥ ስለሚያገኟት በጎተራ ጠሯት። ሆላንዶች ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉጉት ይሏታል፤ ደወል ቤትና ጣሪያ ስር ትኖራለችና። ወንጂ ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ፋብሪካ ያቆሙት ሆላንዶችም፣ ማታ አገዳው ላይ ስታንዣብብ ካዩዋት፣ በዚሁ ስም ሳይጠሯት አይቀሩም። ሳይንሳዊ ስሟ ታይቶ አልባ ነው። «አልባ» በላቲን ነጭ ማለት ነው።

ክንፏን ስትዘረጋ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ክብደቷ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳን አይደርስም። ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ግራም ነው። ሁሉ ነገሯ ላባ ነው ማለት ይቻላል። እንደሌሎቹ ጉጉቶችም «ጉ ጉ» አትልም፤ ትጮኻለች፣ ወይም እንደዚያ ማታ ሽሽ ትላለች። ሰው የሚደነግጠውም በዚህ ነው። በየሰፈሩ «ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» እየተባለ ስንት ጉጉት በድንጋይ ተወግሯል። እኔም ልጅ ሆኜ ወርውሬያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለምን ዝናብ እንደሚያስርባት ለመረዳት አደኗን ማወቅ ያስፈልጋል። የጎተራ ጉጉት ከዓይኗ ይልቅ በጆሮዋ ነው የምታድነው። ያ የተሰነጠቀ ፖም የሚመስለው ፊቷ ለጌጥ አይደለም። እንደ ዲሽ ነው፤ ድምፅ ሰብስቦ ወደ ጆሮዋ ይልካል። ጆሮዎቿ በላባ ተሸፍነዋል፣ አንደኛው ከሌላኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አይጧ ሣር ውስጥ ኮሽ ስትል ድምፁ በሁለቱ ጆሮ እኩል አይሰማም። ከዚያች ልዩነት ተነስታ አይጧ በግራ ትሁን በቀኝ፣ ከፍ ትበል ዝቅ ትለያለች። በኋላ በዓሣ ነባሪዎች ዜማ ጥናቱ ዓለም ያወቀው አሜሪካዊው ሮጀር ፔይን ይህንን በሙከራ አሳይቷል። ጭላንጭል በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ ብቻ ሰምታ አይጥ ትይዛለች።

እንዲህ ለመስማት ግን ራሷ ድምፅ ማሰማት የለባትም። ክንፏ ከተንኮሻኮሸ አይጧም ትሸሻለች፣ የእሷም ጆሮ ይደነቁራል። ለዚህ ነው ላባዋ ከከፋይ የለሰለሰው። የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ሲሆን ነፋሱን ይከፋፍለዋል። በራስህ ላይ ብታልፍ ንፋሱ ይሰማህ እንደሆነ እንጂ ድምፁን አትሰማም።

ችግሯ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ዳክዬ ላይ ውሃ ብታፈስ ተንከባሎ ይወርዳል። የጎተራ ጉጉት ላባ ግን ለዝምታ ተብሎ የለሰለሰ ስለሆነ ውሃ በደንብ አይመልስም። ይጠጣዋል። ጋቢ በዝናብ ሲርስ እንዴት እንደሚከብድ የተሸከመው ያውቀዋል። እሷም እንደዚያ ናት፤ ትከብዳለች፣ ትበርዳለች፣ ያ ዝምታዋም ይጠፋል። በዚያ ላይ የዝናቡ ድምፅ አለ። ቆርቆሮ ላይ፣ የአገዳ ቅጠል ላይ፣ ጭቃ ላይ ሲወርድ የአይጧን ኮሽታ ይውጠዋል። በጆሮዋ የምታድን ወፍ ሐምሌ ላይ ዓይኗን እንደታሰረች ቁጠራት።

ታዲያ ምን ታደርጋለች? ጣሪያ ስር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። መጠበቅ ደግሞ ለእሷ ቀላል አይደለም። በአንድ ሌሊት ሦስት ወይም አራት ትንንሽ አይጥ ያስፈልጋታል፣ በሰውነቷ የምታስቀምጠው ስብ ግን ጥቂት ነው። ስንቅ የላትም ማለት ነው። አንድ ሌሊት ብታልፍ ትችላለች፣ ሁለትም ትችል ይሆናል። ዝናቡ ለተከታታይ ሌሊቶች ከቀጠለ ግን ትከሳለች፣ ጉልበቷ ያልቃል፣ ዝናቡ ሲያባራ ለማደን የሚሆን አቅም ታጣለች። መጀመሪያ የሚሞቱት በዚያ ዓመት የተፈለፈሉት ናቸው። አደኑን ገና አልተካኑትም።

አውሮፓ ውስጥ ያሉ ዘመዶቿን የሚገድላቸው በረዶ ነው። በረዶው ሣሩን ይሸፍነዋል፣ አይጡ ከስሩ ይሄዳል፣ እሷ ከላይ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ የመጋቢት ብርድ ከወትሮው በጣም ሲጠና ብዙ ጉጉቶች አልቀዋል። አዳማ በረዶ አይከመርባትም። ግን «ክረምት» የሚለው ቃል እዚያም እዚህም ለእሷ ያው የረሃብ ወር ነው። እዚያ ብርድ ነው፣ እዚህ ውሃ።

እኔን በጣም የነካኝ ነገር ሌላ ነው። ጉጉቷ የምትራበው ገበሬው በሚራብበት ወር ነው። ሰኔ ላይ ዘሩ መሬት ይገባል፣ ጎተራው ይራቆታል፣ ሐምሌና ነሐሴ እንደምንም ተቻችሎ ይታለፋል። ጎተራው ሲጎድል በውስጡ የሚርመሰመሰው አይጥም ይቀንሳል። ማሳው ላይ ያለው አይጥ ደግሞ የሚበዛው ዝናቡን ተከትሎ እህሉ ሲያሽት ነው። አገዳውም በክረምት አይቆረጥም። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ጥቅጥቅ ይላል፣ ክንፍ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ አይጥ በሚቀንስበት ጊዜ፣ ያለውም በተደበቀበት ጊዜ ነው ዝናቡ የሚመጣው። ሰውም እሷም መስከረምን ይጠብቃሉ፤ እሱ እሸቱን፣ እሷ እሸቱን ሊበላ የሚመጣውን።

አንድ ነገር ግን ከክረምቱም የከፋ ነው፤ መርዝ። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው ላትሞት ትችላለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ዓይነቶች ቀናት ይፈጃሉ። በእነዚያ ቀናት አይጧ ትፈዛለች፣ ቀስ ትላለች። ለተራበች ጉጉት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለች አይጥ ከበላች መርዙ እሷ ውስጥ ይጠራቀማል። ገበሬው ሳያውቅ ያለ ደመወዝ የምትሠራለትን ዘበኛ ገደለ ማለት ነው። ማሌዥያ የዘይት ፓልም እርሻዎች ውስጥ፣ እስራኤል ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ሰዎች የእንጨት ሳጥን ሠርተው እርሻ ዳር ይሰቅሉላታል። እሷ ትገባለች፣ ትፈለፍላለች፣ አይጡን ትለቅማለች። ሳጥን ለመሥራት የሚፈጀው ጥቂት ጣውላና ምስማር ነው። ወንጂ ዙሪያ እንዲህ ሲደረግ ባይ ደስ ይለኛል።

ከመስቀል በኋላ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ጋሼ በጋዜጣ የጠቀለሉትን ነገር ሰጡኝ። «ይህን ከስሯ ለቀምኩልህ።» ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ጥቁር፣ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ድብልብል ነው። ኩስ መስሎኝ ነበር፤ ግን አይደለም። ጉጉት አይጧን ሙሉውን ትውጣለች፣ ሥጋው ይፈጫል፣ አጥንቱና ፀጉሩ ግን አይፈጭም። ሆዷ ውስጥ ይጠቀለልና በአፏ ትተፋዋለች። ቤት ወስጄ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። በመርፌ ስፈታው መጀመሪያ ግራጫ ፀጉር ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ የራስ ቅል ብቅ አለ፣ ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ። ሌላም አለ። ሌላም። አራት ቆጠርኩ። አራቱም የአንድ ሌሊት እራት መሆናቸው ነው።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጋዘኑ ባለቤት ጣሪያው እያፈሰሰ እህል ስላበላሸበት ሊያስደፍነው አናጢ ጠርቶ ነበር። ቆርቆሮው ተቀየረ። ከጎን፣ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ግን፣ ሁለት ጡብ የሚያህል ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቷል።

«ያቺንስ ለምን ተዉአት?» አልኳቸው።

«በዚያ በኩል ዝናብ አይገባም» አሉኝ። «እሷ ብቻ ናት የምትገባው።»