ዝቅተኛ ድሮፕ ያላቸው የጎዳና ሩጫ ጫማዎች

ድሮፕ የሚባለው በመሮጫ ጫማ ተረከዝ ስር ባለው የሶል ውፍረትና በፊተኛው የእግር ክፍል ስር ባለው ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ተረከዙ 28፣ ፊቱ 24 ሚሊሜትር የሆነ ጫማ ድሮፑ 4 ነው። የተለመዱት የልምምድ ጫማዎች ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ናቸው። ከ0 እስከ 4 ያለው ዝቅተኛ ይባላል፤ 5ን እና 6ን አንዳንዱ ከዝቅተኛው፣ ሌላው ከመካከለኛው ይመድባቸዋል። ድሮፕ ዝቅተኛ ነው ማለት ሶሉ ስስ ነው ማለት አይደለም፦ ሆካ የተባለው ጫማ አምራች በብዙ ሞዴሎቹ ወፍራም ሶልን ከ4 ወይም ከ5 ሚሊሜትር ድሮፕ ጋር አጣምሯል፤ ጣቶቹ እንደ ጓንት የተለያዩለት የቪብራም ኩባንያ ጫማ፣ ፋይቭፊንገርስ፣ ግን ሶሉ ስስ፣ ድሮፑም ዜሮ ነው።

ከታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የቅርቡ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የቀድሞዎቹ የውድድር ጫማዎች ስስና ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ከፍ ያለው ተረከዝ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ታላቁ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2:15:16 ጨርሶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዝግቧል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ያንኑ ሰዓት ማሻሻሉን የባዶ እግር ሩጫ አቀንቃኞች ብዙም አያነሱትም።

በጥር 2010 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው የዳንኤል ሊበርማን ቡድን ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው እግራቸው እንደሚያርፉና ተረከዝን የሚመታው ድንገተኛ ግጭት እንደማይታይባቸው አሳየ። ጥናቱ ጉዳት ይቀንሳል አላለም፤ ገበያው ግን እንዲያ አድርጎ ተረዳው። በዚያው ዓመት ሶከኒ የተባለው አምራች ኪንቫራ የሚባለውን ባለ 4 ሚሊሜትር ድሮፕ ጫማ አወጣ፤ በዚያ ሰሞን ብቅ ያለው ሌላው አምራች አልትራም ዜሮ ድሮፕን መለያው አደረገ። በ2013 በወጣ ጥናት፣ ለ10 ሳምንት ወደ ፋይቭፊንገርስ ከተሸጋገሩት 19 ሯጮች በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ የእብጠት ምልክት ጨምሮ ታየ። በ2014 ቪብራም ስለ ጤና ጥቅም ባስተዋወቀው ነገር ተከስሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2016 ደግሞ 553 ሯጮች 10፣ 6 ወይም 0 ድሮፕ ባለው ጫማ ለ6 ወራት ሲሮጡ በጠቅላላ የጉዳት መጠን ልዩነት አልተገኘም፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ድሮፕ አልፎ አልፎ ለሚሮጡት የተሻለ፣ ዘወትር ለሚሮጡት ደግሞ የባሰ ሆኖ ታይቷል።

ድሮፕ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይህ ነው። ተረከዝ ሲወርድ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ይታጠፋል፤ በዚህም ባትና አኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው) ይወጠራሉ፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ድሮፕ ጫናውን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ባቱና አኪለሱ በተደጋጋሚ የሚታመም ሰው ስለ ዜሮ ድሮፕ ባያስብ ይሻለዋል፤ የፊት ጉልበቱን የሚያመው ግን ቢሞክረው አያጣበትም።

ከመግዛት በፊት ቁርጭምጭሚትን መፈተሽ ይገባል። በባዶ እግር የአውራ ጣትን ጫፍ ከግድግዳ 10 ሴንቲሜትር አርቆ መቆምና ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትን ግድግዳው ላይ ማስነካት ነው። ካልነካ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ባለው ጫማ መቆየት ይመረጣል። ጫማ የሚለካው እግር ባበጠበት ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጥበት ካልሲ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ በላዩ ላይ መቆም ስፋቱን ይናገራል፦ ትንሿ ጣት ከጠርዙ ካለፈች ጫማው ጠባብ ነው፤ ይህን ቁጥር በመጨመር ማካካስ ተረከዙን ያንሸራትታል። ጫማው ሲታጠፍ ከመሃል ሳይሆን ከጣቶች መጋጠሚያ መታጠፍ አለበት። ለአስፋልት ልምምድ ለጀማሪ ከ20 ሚሊሜትር ያነሰ ሶል አይመከርም።

የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም፤ አምራቾች የሚለኩበት ቦታ ስለሚለያይ የ2 ወይም የ3 ሚሊሜትር ልዩነት ያጋጥማል። በጣም ለስላሳ ፎም ደግሞ በተረከዙ በሚያርፍ ሯጭ ስር ይሰምጣል፤ ወረቀት ላይ 4 የሆነው እግር ስር ዜሮ ሊሆን ይችላል። ተረከዙ ወፍራም የሆነ የውስጥ ንጣፍ መጨመር ደግሞ ድሮፑን መልሶ ያሳድገዋል።

ሽግግሩ ነው ብዙዎችን የሚጎዳው። ከ10 ወደ 0 መዝለል አይገባም፤ በየደረጃው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር መውረድ ይበቃል። በአዲሱ ጫማ በሳምንት 2 ቀን፣ ቀላል ሩጫ ላይ፣ ከ10 ደቂቃ ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ ቀሪው ልምምድ በድሮው ጫማ ይቀጥላል። የፍጥነት ልምምድ፣ ዳገትና ረጅም ሩጫ ከ8 ሳምንት በኋላ ይምጡ። ባትን ለማጠንከር በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም 3 ዙር በ15 ድግግሞሽ፣ ይረዳል።

በማግስቱ ባት ቢወጠር የተለመደ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ አኪለስ ከደረቀና ካመመ መጠኑ ይቀነሳል። የእግር የላይኛው ገጽ ላይ (ከመርገጫው በተቃራኒ) በአንድ ጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ብቻ የሚያም ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ቆሞ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

ጫማው በግምት ከ500 እስከ 800 ኪሎሜትር ያገለግላል። የተረከዙ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ካለቀ ድሮፑ ከተገዛበትም በታች ስለሚወርድ፣ ኪሎሜትሩ ባይሞላም ይቀየራል።