የብርቱካን ሻጋታን በእርሾና በጦስኝ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

ብርቱካን ሲሻግት መጀመሪያ ልጣጩ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ቦታ ይወጣል። በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። ከዚያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይለብስና መሃሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሳጥኑን ነቅነቅ ሲያደርጉት አረንጓዴ ዱቄት ቡን ይላል። የሻጋታው ዘር ማለት ያ ዱቄት ነው።

ዋነኞቹ ሻጋታዎች ሁለት ናቸው፤ አረንጓዴው ፔኒሲሊየም ዲጂታተም፣ ሰማያዊው ፔኒሲሊየም ኢታሊከም ይባላሉ። ፔኒሲሊን የተገኘበት ሻጋታ ዘመዶች መሆናቸው ለከሰረ ነጋዴ መጽናኛ አይሆንም። አረንጓዴው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይፈጥናል። ሰማያዊው ደግሞ ብርድ ይችላል፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ብርቱካን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተጫነ እንበል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የደሴ ብርድ ሻጋታውን ቀስ ያሰኘዋል። አያስቀረውም ግን።

ሁለቱም የሚገቡት በቁስል ነው። የጥፍር ጭረት ወይም የእሾህ ጫፍ ይበቃቸዋል። ትልልቅ የፍራፍሬ ማሸጊያ ድርጅቶች ፍሬውን እንደ ኢማዛሊልና ታያቤንዳዞል ባሉ ኬሚካሎች ያክማሉ። ሻጋታው ግን እየተላመዳቸው መጣ፤ ልጣጭ ላይ የሚቀረው መድኃኒትም በላተኛን ያሳስባል።

በኬሚካሉ ፋንታ እርሾ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የእንጀራው እርሾ እንዳይመስላችሁ፤ ፍሬና ቅጠል ላይ በተፈጥሮ የሚኖር ነው። ልጣጩ ሲቆስል ጭማቂ ይወጣል። የሻጋታው ዘር የሚበቅለው ያንን ምግብ አግኝቶ ነው። እርሾው ቀድሞ ከደረሰ ቶሎ ይራባል፣ ምግቡን ይጨርሳል፣ ቦታውንም ይይዛል። ሻጋታውን ረሃብ ይገድለዋል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ካንዲዳ ኦሊዮፊላ የተባለው እርሾና ፕሱዶሞናስ ሲሪንጌ የተባለው ባክቴሪያ ለዚህ ሥራ ተፈቅደዋል። ችግሩ፣ ሻጋታው አንዴ ሥር ከሰደደ እርሾው ብዙም አይፈይድም።

ቀለል ያሉም መንገዶች አሉ። ፍሬውን ከ50 እስከ 53 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ መንከር አንዱ ነው። ካለፈ ልጣጩን ይቀቅለዋል፤ ያለ ቴርሞሜትር አይሞከርም። በ1 ሊትር ውሃ 30 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መንከርም ይረዳል፤ የሻጋታውን ዘር እንዳይበቅል ይይዘዋል እንጂ አይገድለውም። የደጋችን ጦስኝ ዘይትም ታይሞልና ካርቫክሮል አለው፤ ሁለቱም የሻጋታ ጠላት ናቸው። ሲበዛ ግን ልጣጭ ያቃጥላል። ደግሞስ ጦስኝ ጦስኝ የሚል ብርቱካን ማን ይገዛል?

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በፊት መቀስ ይምጣ። ፍሬውን ጎትቶ ከመቦጨቅ ይልቅ መቁረጥ፣ ዝናብና ጤዛ ካባበጠው ልጣጩ ቶሎ ስለሚቆስል እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ አይሱዙ ላይ አለመወርወር። ገበያ ላይ ደግሞ ሻጯ የሻገተውን ለቅማ ከመደቧ ሥር ትጥለዋለች። ነፋስ ሲነሳ አረንጓዴው ዱቄት ተመልሶ ክምሩ ላይ ያርፋል።